ከኮሪያውያን ጋር ተቀምጠን የተማርነው
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ክፍል ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የውይይት ክፍላችን ባለፈው ዓመት የሠራውን ለጉባኤው እንድናስረዳ ስለ ታዘዝን በፊታችሁ ቆመናል። በየሐሙሱ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ ትንሽ ክፍል ከአራት የደቡብ ኮሪያ ሰዎች ጋር ስንጫወት መክረማችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከአራቱ ሁለቱ፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ሦስተኛዋ በበጎ ፈቃድ ለማስተማር የመጡ ወይዘሮ፥ አራተኛው ደግሞ በመንገድ ሥራ ላይ የሚያገለግሉ በዕድሜ የገፉ መሐንዲስ ናቸው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅብን በአማርኛና በኮሪያኛ ቅልቅል፤ እሱም ሲያልቅ በእጅ ነው።

እውነቱን ለመናገር፥ ስንጀምር ኮሪያን የምናውቅ መስሎን ነበር። የኮሪያን ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ያላየ ተማሪ በመካከላችን የለምና። ስለዚህ በመጀመሪያው ሐሙስ ሃያ ጥያቄ በወረቀት ጽፈን ቀረብን። አንደኛው ጥያቄ «የኮሪያ ባህል ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ወይዘሮዋ ጥቂት አሰቡና «ከባድ ጥያቄ ነው» አሉን። ሁለተኛው «የኮሪያ ሕዝብ ጠባይ እንዴት ያለ ነው?» የሚል ነበር። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እንዲህ እያልን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ክፍሉ የጨዋታ ቤት መሆኑ ቀርቶ የፈተና አዳራሽ መሰለ። እስቲ እናንተስ፥ አንድ እንግዳ ሰው ድንገት መጥቶ «የኢትዮጵያ ባህል ምንድን ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

በዚህ መካከል ተማሪዋ ከጭንቅ ልታወጣን ፈልጋ ኖሮ «ምግብ በልታችኋል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ጥያቄውን እንደ ወረደ ተቀብለን «አልበላንም» አልናት። ፊቷ ተለዋወጠ። ብድግ ብላ ወጣችና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዳቦና ሙዝ ተሸክማ ተመለሰች። እኛ አፈርን፤ እሷም አፈረች። በኋላ እንደ ተረዳነው፥ ያ ጥያቄ በአገሯ ሰላምታ ነው። እኛ «እንደምን ዋልክ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን እንጂ የራስ ምታታችንን እንደማንዘረዝር ሁሉ፥ እነሱም «በልተሃል?» ሲባሉ «አዎን፤ አንተስ?» ብለው ያልፋሉ። «አልበላሁም» ያለ ሰው ግን ጠያቂውን ባለ ዕዳ ያደርገዋል።

ቃሉ «ባፕ» ነው። ባፕ ማለት የተቀቀለ ሩዝ ማለት ነው፤ እንዲሁም ማንኛውም ምግብ ማለት ነው። እኛ «እንጀራ» ስንል ምግቡንም ኑሮውንም ማለታችን እንደሆነ ያለ ነው። ሽማግሌው መሐንዲስ ሰላምታው ከምን እንደ መጣ ሲያስረዱን፥ እናታቸው ይነግሯቸው የነበረውን «የገብስ አቀበት» የሚባል ወራት አነሡልን። ያምናው ሩዝ ተሟጦ የዘንድሮው ገብስ ሳይደርስ የሚያልፈው የጸደይ ረኃብ ነው፤ በኮሪያኛ «ቦሪት ጎጌ» ይባላል። ይህን አቀበት እስከ 1960ዎቹ ድረስ የኮሪያ ገበሬ በየዓመቱ ይወጣው ነበር። ከገጠር የመጣነው አንገታችንን ነቀነቅን። በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል እናቶቻችን ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለንና። በዚያ ቀን ወረቀቱን አጣጥፈን ኪሳችን ከተትነው፤ ከዚያ በኋላም አላወጣነውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ እነሱ ጠያቂ ሆኑ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸውም ዕድሜያችን ነበር። ይህ ለአንዳንዶቻችን ደስ አላሰኘንም። ነገር ግን ኮሪያዊ የሰውን ዕድሜ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም፤ ዕድሜውን ካላወቀ አፉን መክፈት ስለሚቸግረው ነው። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ብለን እንለያለን። በነሱ ቋንቋ ግን የአክብሮት ደረጃ በተውላጠ ስም ብቻ አይቆምም፤ በየግሡ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። እኛ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የሚበልጠንን ጓደኛ ያለ ችግር «አንተ» እንለዋለን። በነሱ ዘንድ አንድ ዓመትም ደረጃ ነው። «ቺንጉ»፥ ማለት ጓደኛ፥ በትክክለኛ ትርጉሙ እኩያ ነው። የሚበልጥህ ሰው ምንም ያህል ቢወድህ ታላቅ ወንድምህ ነው እንጂ ቺንጉህ አይደለም። ወንድ ታላቁን ወንድ «ህዮንግ»፥ ታላቂቱን «ኑና» ይላል። ሴት ደግሞ ታላቋን ወንድ «ኦፓ»፥ ታላቂቱን «ኦንኒ» ትላለች። በምግብ ቤት ወጥ የሚያቀርቡትን ሴት እንኳ «ኢሞ»፥ ማለት አክስቴ፥ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ጋሼና እትዬ እየተባልን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አልሆነብንም።

እዚህ ላይ የደረሰብንን አንድ ስሕተት ብንነግራችሁ አትቀየሙንም። ከመካከላችን አንዱ መቼ እንደ ተወለደ ተጠይቆ «በ1996 ዓመተ ምሕረት» አለ። ተማሪዋ የተወለደችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ነው። ስለዚህ በአምስት ዓመት የሚበልጣት መስሏት ሦስት ሳምንት ሙሉ «ኦፓ» እያለች፥ ውኃ ስትቀዳለትም በሁለት እጇ እየያዘች አከበረችው። የቀን መቁጠሪያችን ከነሱ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆኑ በተገለጠ ጊዜ፥ ታናሿ እንጂ ታላቋ አለመሆኑ ታወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኑና» የሚላት እሱ ሆነ፤ ሹመቱን ያጣ ሹም መስሎ የከረመውን እናንተው ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም፥ በዚህ ንግግር ከእንግዲህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

እነሱም ቢሆኑ በዕድሜ ቆጠራ ሲቸገሩ ኖረዋል። በቀድሞው ልማዳቸው ሕፃን ሲወለድ የአንድ ዓመት ሰው ነው፤ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አንድ ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ቀን የተወለደ ሕፃን በማግሥቱ የሁለት ዓመት ሰው ይባል ነበር። ከሰኔ ወር 2023 ጀምሮ መንግሥት በሕግ ነገር ዕድሜ በጠቅላላው ከልደት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር ደንግጓል። «ሕጉ በአንድ ሌሊት አንድ ዓመት ልጅ አደረገኝ፤ እናቴ ግን አሁንም በድሮው ትቆጥርልኛለች» ብሎ ተማሪው አጫወተን።

ስለ ፊደል የተጫወትነውም ሳይነሣ አይታለፍም። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ባዩ ጊዜ ወይዘሮዋ ተነሥተው በጠመኔ የራሳቸውን ጻፉልን። ሀንጉል የሚባለውን ፊደላቸውን ያስወጣው ንጉሥ ሴጆንግ ነው። በ1443 ተዘጋጅቶ በ1446 ለሕዝብ ታወጀ። ያን ጊዜ 28 ፊደላት ነበሩት፤ ዛሬ መሠረታውያኑ 24 ናቸው። የተናባቢዎቹ ቅርጽ የተወሰደው ድምፁ ሲነገር ምላስና ከንፈር ከሚይዙት መልክ ነው። ንጉሡ ይህን ያደረገው የቻይናን ጽሕፈት ለመማር ጊዜና ገንዘብ የሌለው ተራ ሰው ሐሳቡን እንዲጽፍ ብሎ ነበር። ሊቃውንቱ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በቻይና ፊደል መጻፉን አልተዉም። የግእዝና የአማርኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ ተረት አይደለም። እኛ ሀንጉልን በሁለት ሐሙስ ማንበብ ቻልን፤ እነሱ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሳድስና ከኀምስ ጋር ሲታገሉ ነበር።

ሌላው ያሳቀን ቃል «ኡሪ» ነው፤ «የእኛ» ማለት ነው። ወይዘሮዋ ስለ ባለቤታቸው ሲያወሩ በኮሪያኛ አስበው በአማርኛ ተናገሩና «ባላችን ደወለ» አሉን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩን አስረዱን። ኮሪያዊ «እናቴ» ወይም «ቤቴ» ብሎ መናገር ይከብደዋል፤ ብቸኛ ልጅ ቢሆን እንኳ «እናታችን፥ ቤታችን» ይላል። ቤት የአንድ ሰው አይደለምና። እኛም «አገራችን፥ ቤታችን» እንላለን፤ ትዳር ላይ ስንደርስ ግን «የእኔ» ማለት እንጀምራለን። እነሱ እዚያም አልተዉትም።

ስለ ማዕድ ብዙ ተጫውተናል። አንድ ቀን እነሱ አብስለው ጋበዙን፤ ሌላ ቀን እኛ ጋበዝናቸው። በነሱ ማዕድ ሽማግሌው ማንኪያውን ሳያነሣ ታናሽ አይጀምርም። ለታላቅ ሲቀዳም ሆነ ከታላቅ ሲቀበል በሁለት እጅ ነው፤ ወይም ቀኙ በግራው ይደገፋል። ይህን ባየን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ታላቅን ስንጨብጥ ቀኝ ክንዳችንን በግራ እጃችን እንድንደግፍ እኛንም እናቶቻችን አስተምረውናልና። ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው በጓደኛቸው አፍ ሲያጎርሱ ደግሞ «ይኸማ ጉርሻ ነው!» ብለን ጮኽን። ልዩነቱ ይኸ ነው፦ ወጡና ቅጠላ ቅጠሉ የጋራ ቢሆንም ሩዙ ለየራስ በየሳሕኑ ይቀርባል። ስለዚህ ሁላችን በአንድ ትሪ ላይ እጃችንን በሰደድን ጊዜ ተማሪው መጀመሪያ ከየት እንደሚቆርስ ግራ ገባው። «ከፊት ለፊትህ ቁረስ፤ ወደ ሰው ድንበር አትለፍ» ብለን አስተማርነው።

ኪምቺ የሌለበት ማዕድ ማዕድ አይባልም። ጥቅል ጎመኑ በጨው አድሮ፥ በቀይ በርበሬ ዱቄት፥ በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብልና ጨው በበላው ዓሣ ይለወስና እንዲብላላ ይቀመጣል። በኅዳር ግድም፥ ብርዱ ሳይጸና፥ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምቱን ኪምቺ በአንድነት ያዘጋጃል። ይህ ሥራ «ኪምጃንግ» ይባላል፤ በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀድሞ በሸክላ ማሰሮ ተከቶ በመሬት ይቀበር ነበር፤ ዛሬ ለኪምቺ ብቻ የተሠራ ማቀዝቀዣ በየቤቱ አለ። እናቶቻችን የዓመቱን በርበሬ ሲያዘጋጁ ጎረቤት እንደሚጠራሩት ያለ ነው። ከዚህም ሁሉ የሚገርመው፥ በርበሬ ለነሱም ለእኛም እንግዳ መሆኑ ነው። ተክሉ የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ ኮሪያ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ነው ይባላል፤ ከዚያ በፊት ኪምቺ ቀይ አልነበረም። ሁለታችንም «የአባቶቻችን» ብለን የምንኮራበት ቅመም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ማለት ነው።

እስካሁን ደስ የሚያሰኘውን ተናገርን፤ ደስ የማያሰኝም ሰምተናል። የኮሪያ ዕድገት በየትምህርት ቤቱ ምሳሌ ሆኖ ይነገረናል። እኛም ምስጢሩ ምን እንደሆነ ተማሪዋን ጠየቅናት። እሷም ስለ «ሱኑንግ» ነገረችን። ሱኑንግ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር በአንድ ቀን የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። በዚያ ቀን መንገዱ ለተፈታኞች እንዲለቀቅ መሥሪያ ቤቶች ዘግይተው ይከፈታሉ፤ የዘገየውን ተፈታኝ ፖሊስ በመኪናው ያደርሰዋል፤ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና ሲሰጥ አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ ይደረጋል። እኛ «እንዴት ያለ ለትምህርት መቆርቆር ነው!» አልን። እሷ ግን አልሳቀችም። ከትምህርት ቤት እንደ ወጣች ወደ ማስጠኛ ቤት ትሄድ እንደ ነበር፥ ወደ ቤቷም የምትመለሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንደ ነበር፥ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር እራት የበላችበትን ቀን በጣት መቁጠር እንደምትችል ነገረችን። «እናንተ ቡና አፍልታችሁ ሦስት ጊዜ እስክትጠጡ ስትቀመጡ ሳይ መጀመሪያ ጊዜ የምታባክኑ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እቀናለሁ» አለችን። በ2023 በደቡብ ኮሪያ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የተገመተው በአማካይ 0.72 ልጅ ነበር። ይህን ቁጥር በጋዜጣ አንብበነው ነበር፤ ትርጉሙ የገባን ግን እሷ «እኔ ያለፍኩበትን የማሳልፈው ልጅ አልፈልግም» ባለች ጊዜ ነው። እኛም የ12ኛ ክፍል ፈተናችንን አስታውሰን ዝም አልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። አንድ ሐሙስ ስለ ጦርነቱ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ በቅን ልቡና፥ ነገር ግን ከፍ ባለ ድምፅ፥ «እኛ ባንደርስላችሁ ኖሮ ዛሬ የት ትሆኑ ነበር!» አለ። ሽማግሌው መሐንዲስ ተነሥተው እጅ ነሡና «እናመሰግናለን» አሉ። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። በኮሪያኛ «ኑንቺ» የሚሉት ነገር አለ፤ ሌላው ሳይናገር ልቡን በዓይን መለካት ማለት ነው። ከእኛ ይሉኝታ ጋር ዘመድ ይመስላል፤ ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል?» ሲል ኑንቺ «ይኸ ሰው ምን ተሰማው?» ይላልና። በዚያ ሰዓት ሁለቱም ጎደሉን።

ተማሪዋ ግን በለሆሳስ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ወታደሮቹን አግኝታችኋቸው ታውቃላችሁ? የት ነው የሚኖሩት? ኑሮአቸውስ እንዴት ነው?» ከአሥራ አንዳችን አንድም የመለሰ አልነበረም። እሷ ያደገችው በቹንቾን ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ተገኝተው የመረቁት የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ሐውልት አለ፤ በአጠገቡም በዚያው ዓመት የተከፈተና «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት አለ። እኛ ሳናውቀው እሷ ከ1951 ጀምሮ ከስድስት ሺሕ የሚበልጡ ወታደሮቻችን ተራ በተራ መዝመታቸውን፥ ከ120 በላይ መሞታቸውን፥ በዶንግዱቾን ከተማ ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸውን ታውቃለች። ከ1974 በኋላ የመጣው መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ነበር የእነዚህ ሰዎች ውለታ ተሸፍኖ መቅረቱን የሰማነው ገና ያን ጊዜ ነው። በስማቸው ኮርተን ነበር፤ ደጃቸውን ግን ረግጠን አናውቅም።

ከዚህ በኋላ ጠይቀን አፈላልገን፥ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ አንድ አባት ቤት ተማሪዋን ይዘን ሄድን። እንደ ገባች በአገሯ ሥርዓት በጉልበቷ ተንበርክካ ግንባሯን እስከ መሬት አድርሳ እጅ ነሣች። አባታችንም «ኧረ ልጄ፥ ተነሺ!» እያሉ ሊያነሧት ታገሉ። ስለ ውጊያው ብዙ አልነገሩንም። የነገሩን በሰፈራቸው አጥር ዙሪያ ባዶ ጣሳ ይዘው ይቆሙ ስለ ነበሩት ሕፃናት ነው። ከቋንቋው ምን ያስታውሱ እንደሆነ ስንጠይቃቸው «አንድ ቃል ብቻ፤ ባፕ፥ ባፕ ይሉን ነበር» አሉ። ልጅቱ አለቀሰች። እኛም በመጀመሪያው ሐሙስ የተሳቅንበት ሰላምታ ከምን ዘመን እንደ መጣ ያን ጊዜ በደንብ ገባን። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ለልጆቹ ምግብ አቅርቡላቸው እንጂ!» አሉ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን ትምህርት በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፥ ሰውን ስለ አገሩ ባህል ሳይሆን ስለ ውሎው እንጠይቀው፤ ዛሬ ጧት ምን እንደ በላ የጠየቀ ሰው ባህሉን ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ሁለተኛ፥ አንድን ሰው የሕዝቡ ሁሉ እንደራሴ አናድርገው። ሽማግሌው መሐንዲስ በበዓል ለቀደሙት አባቶቻቸው ማዕድ አቅርበው ይሰግዳሉ፤ ወይዘሮዋ በክርስትና እምነታቸው ምክንያት አይሰግዱም፤ ሁለቱም ኮሪያውያን ናቸው። ሦስተኛ፥ ጨዋታ የሁለት ወገን ነገር ነው። ሊጠይቅ የሄደ መጠየቁ አይቀርምና፥ የራሱን ሳያውቅ ወደ ሰው ቤት የሄደ እፍረት ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለጉባኤው እናሳስባለን። የሐሙሱ ጨዋታ በዚህ ዓመትም ይቀጥላል፤ የሚመጣ ሁሉ የጥያቄ ወረቀት ሳይዝ ይምጣ። ከዚህም ጋር በሕይወት ያሉትን የቃኘው ዘማቾች በየቤታቸው እየሄድን እንድንጠይቅ፥ የሚያስታውሱትንም እንድንጽፍ ማኅበሩ ይፍቀድልን። ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አይጠብቀንም።

 ሰዓቱም የምሳ ሰዓት ስለ ሆነ፥ በኮሪያውያን ወዳጆቻችን ሰላምታ «ምግብ በልታችኋል?» ብለን እንሰናበታለን። መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ።